የአሸዋ ዳር ጥንዚዛና የመሐንዲሱ ወንዝ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የመሐንዲስ ሥራ ከወንዝ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። ድልድይ የሚዘረጋው በወንዝ ላይ ነው፤ ግድብ የሚያቆመው ወንዝ በሚጠብበት ሸለቆ ነው፤ ለኮንክሪት የሚያስፈልገውንም አሸዋና ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚያስዝቀው ከወንዝ አልጋ ነው። ስለዚህ ወደ ወንዝ ዳርቻ በወረደ ቁጥር የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ዳርቻው ምን ያህል ይዘቀዝቃል? የአሸዋው ቅንጣት ምን ያህል ይሻክራል? የሙላቱ ውሃ ፍጥነት ስንት ነው? የምሰሶው መሠረት ውሃው ከሚቦረቡረው አፈር በታች ይደርሳልን? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን «በዚህ ባዶ በሚመስለው አሸዋ ውስጥ ማን ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ በጥናት ሰነድ ውስጥ ሲገባ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

የዛሬው ንግግር በዚህ በተዘነጋው ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ባለጉዳዩ መጠኑ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ አንድ የአውሮፓ ወንዞች ጥንዚዛ ነው። በመጀመሪያ የአካሉ አሠራርና የኑሮው ልማድ ይገለጻል፤ ቀጥሎ የወንዝ ሥራ በእርሱና በመሰሎቹ ላይ ያመጣው ለውጥ ይታያል፤ በመጨረሻም ከዚህ ለሙያው የሚገኘው ትምህርት ይቀርባል። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ስሙና ወገኑ

ጥንዚዛው በሳይንሳዊ ስሙ ኦሞፍሮን ሊምባቱም ይባላል። ዝርያውን በ18ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የገለጸው የታላቁ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ዴንማርካዊው ፋብሪሲየስ ሲሆን፣ ኦሞፍሮን የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ደግሞ ፈረንሳዊው ላትሬይ በ1802 ነው። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክ የተወሰደና ጨካኝ ልብ ያለው ማለት ሲሆን፣ የአዳኝነቱን ጠባይ ያመለክታል። ሁለተኛው ከላቲን የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ጥለት ያለው ማለት ነው። በእርግጥም የጥንዚዛውን ጀርባ ላየ ሰው ስሙ ያለ ምክንያት አለመሰጠቱ ይገባዋል። ዳር ዳሩን የሚዞረው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከመሐሉ አረንጓዴ ጋር ተያይዞ ሲታይ የነጠላ ጥለት ያስታውሳል።

የሚመደበውም ካራቢዴ በሚባለው የምድር ጥንዚዛዎች ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህ ቤተሰብ ወደ 40,000 የሚጠጉ ዝርያዎች የተመዘገቡበት ሰፊ ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ አባሎቹ ከመብረር ይልቅ በእግር መሮጥን የሚመርጡ፣ በሌሊት የሚያድኑና ሌሎች ትናንሽ ነፍሳትን የሚመገቡ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ከወንዝ ዳር ርቀው አይኖሩም።

፪. የአካሉ አሠራር

የኦሞፍሮን ርዝመት ከአራት ሚሊሜትር ተኩል እስከ ስድስት ሚሊሜትር ተኩል ነው። ሌሎች የምድር ጥንዚዛዎች ረዘም ያለ ሰውነት፣ ጠበብ ያለ አንገትና በደረትና በሆድ መካከል የሚታይ ወገብ አላቸው። ይህኛው ግን ወገብ የለውም። ራሱ ሰፊና በደረቱ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ የደረቱ የኋላ ጠርዝ ከክንፎቹ ሽፋን ስፋት ጋር እኩል ስለሆነ የሰውነቱ ዙሪያ ያለ ማቋረጥ ክብ ሆኖ ይሄዳል። ጀርባው እንደ ጉልላት የተደፋ ነው። ቅርጹን ብቻ ያየ ሰው የውሃ ጥንዚዛ ነው ብሎ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ይህ ክብ ቅርጽ ጥቅም አለው፤ እርጥብ አሸዋ እየገፋ ለሚሄድ አካል ጎርበጥ ያለ ወይም የሚይዝ ጠርዝ አለመኖሩ ድካም ይቀንሳል።

ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። በዚህ ላይ ብረት መሰል አረንጓዴ በራሱ የኋላ ክፍል፣ በደረቱ መካከልና በክንፎቹ ሽፋን ላይ እንደ ሞገድ በተጣመሙ መቀነቶች ተሥሏል። በእጅ ላይ ሲታይ የሚያምርና ጎልቶ የሚታይ ቀለም ነው። በእርጥብ አሸዋ ላይ ሲሆን ግን ፈዛዛው ከቀላሉ ቅንጣት፣ ጥቁር አረንጓዴው ከቅንጣቶቹ ጥላ ጋር ተደባልቆ ጥንዚዛው ከዓይን ይሰወራል።

በራሱ ግራና ቀኝ ጎላ ያሉ፣ ከብዙ ጥቃቅን ሌንሶች የተገነቡ ዓይኖች አሉት። ከፊት የሚዘረጉት ሁለቱ ቀንዶች እያንዳንዳቸው አሥራ አንድ ክፍሎች አሏቸው፤ ሽታንም ንክኪንም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በአሸዋ ውስጥ ለሚኖር እንስሳ የቀንድ ንጽሕና የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ እንደ ቤተሰቡ አባሎች ሁሉ በፊት እግሩ ቅልጥም ላይ በጸጉር የተሞላ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ ቀንዱን በዚህ ጎድጓዳ ውስጥ እየሳበ ያጸዳዋል። ማበጠሪያ ከእጅ ጋር አብሮ ተሠርቶ እንደ ማለት ነው።

መንጋጎቹ ወደ ፊት የተዘረጉ፣ እንደ ማጭድ የጎበጡና የሾሉ ናቸው። የሚከፈቱትና የሚዘጉትም ወደ ጎን ነው። ብዙ የምድር ጥንዚዛዎች ያደኑትን ከመዋጣቸው በፊት የምግብ ማድቀቂያ ፈሳሽ ያፈስሱበትና ከውጭ አላልተው ይመጡታል።

በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የኋላ እግሩ ነው። በምድር ጥንዚዛዎች የኋላ እግር ሥር፣ በዳሌና በጭን መካከል፣ ትሮካንተር የሚባል የባቄላ ፍሬ የሚመስል ወፍራም ክፍል አለ። በውስጡ የሚገኘው ጡንቻ ለእግሩ ከተራ መራመድ የበለጠ የግፊት ኃይል ይሰጠዋል። ጥንዚዛው ራሱንና ደረቱን እንደ ሽብልቅ አድርጎ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ያስገባል፤ ቀጥሎ ሰውነቱን ወደ ላይና ወደ ፊት በመግፋት ስንጥቁን ያሰፋዋል። ድንጋይ ፈላጭ ሽብልቁን መትቶ ዐለት የሚከፍተው በዚሁ ዘዴ ነው። እግሮቹ በሹል እሾኾች የተሞሉ ስለሆኑ ከአሸዋው ጋር መንሸራተት ሳይኖር ይያያዛሉ።

የፊት ክንፎቹ ለመብረር አያገለግሉም፤ ወደ ደንዳና ክዳንነት ተለውጠዋል። በላያቸው ላይ በብዙ ጎን ለጎን የተሰለፉ የነጥብ መስመሮች ይታያሉ። እውነተኛዎቹ መብረሪያ ክንፎች ከዚህ ክዳን በታች ታጥፈው ይቀመጣሉ። በክዳኑና በሆዱ መካከል አየር የሚይዝ ባዶ ቦታ አለ፤ የሆድ መተንፈሻ ቀዳዳዎች የሚከፈቱትም ወደዚህ ቦታ ነው። ስለዚህ ጥንዚዛው ድንገት ውሃ ቢሸፍነው በጀርባው ተሸክሞት በሚሄደው አየር ለጥቂት ጊዜ መቆየት ይችላል። ከዚህ በቀር በእጅ ሲያዝ ሆዱን ከክንፍ ክዳኑ ጋር እያፋተገ ቀጭን የጭረት ድምፅ ያሰማል።

፫. የአሸዋና የውሃ ሚዛን

ኦሞፍሮን ቀኑን የሚያሳልፈው በውሃው አጠገብ፣ ዕፅዋት በሌለበት ወይም በሳሳበት እርጥብ አሸዋ ውስጥ በራሱ በቆፈረው መተላለፊያ ነው። ከውሃው ዳር ብዙ አይርቅም፤ ወደ ውሃው ውስጥም አይገባም። ይህን ጠባብ መስመር የመረጠበት ምክንያት ለአፈር መካኒክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም።

ደረቅ አሸዋ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለማይያያዙ የተቆፈረ ጉድጓድ ወዲያው ይደረመስበታል። በውሃ የተጠገበ አሸዋ ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ በውሃ ስለሚሞላ ይፈስሳል፤ የሚተነፈስ አየርም አይተርፍበትም። በሁለቱ መካከል ባለው እርጥብ አሸዋ ግን ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ ሁሉ ትንሽ የውሃ ድልድይ ይሠራል። የውሃው የገጽ ውጥረት ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ይስባቸዋል፤ በቀረው ክፍተትም አየር ይዘዋወራል። ልጆች በወንዝ ዳር ቤት መሥራት የሚችሉት በዚህ አሸዋ ብቻ ነው። ጥንዚዛውም ቤቱን የሚሠራው በዚሁ ነው።

ነፍሳት የሚሰበስቡ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ ይህን ያረጋግጣል። ጥንዚዛውን ለማግኘት አይቆፍሩም፤ በአሸዋው ላይ ውሃ ይረጫሉ። ጥቂት ቆይቶ ባዶ ይመስል የነበረው ዳርቻ ይንቀሳቀሳል፤ ከየስፍራው ክብ ክብ ጥንዚዛዎች ብቅ ብለው በፍጥነት ይሮጣሉ። ውሃው ክፍተቱን ሲሞላ መተላለፊያው ጥንካሬውንም አየሩንም ያጣልና ነዋሪው መውጣት ግድ ይሆንበታል።

የዚህ መስመር ስፋት እንደ ዳርቻው ተዳፋትነት ይለያያል። ዳርቻው ቀስ ብሎ የሚዘቀዝቅ ከሆነ እርጥቡ መስመር ሰፊ ይሆናል፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ይጠባል፤ ግንብ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ይጠፋል። የአንድ ዝርያ ዕጣ በአንድ የተዳፋት ቁጥር ላይ ሊመሠረት እንደሚችል ልብ ይሏል።

፬. የሌሊት ሥራውና የዘመኑ ዑደት

ፀሐይ ስትጠልቅ ጥንዚዛው ከአሸዋው ይወጣል። በውሃው ጠርዝ እየሮጠ ትናንሽ ነፍሳትንና እጮችን ያድናል። በዚሁ ዳርቻ የቀኑን ፈረቃ የሚይዙ ሌሎች የቤተሰቡ አባሎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ሊኔየስ ራሱ በ1758 የገለጸው ኤላፍሩስ ሪፓሪዩስ ነው። ይህ ጥንዚዛ ትላልቅ ዓይኖች ያሉትና በብርሃን በማየት የሚያድን ነው፤ የሚመርጠውም ከአሸዋ ይልቅ ጭቃማውን ዳርቻ ነው። አንዱ በቀን፣ ሌላው በሌሊት፣ አንዱ በጭቃ፣ ሌላው በአሸዋ ስለሚሠሩ ጠባቡ የወንዝ ዳር ለብዙዎች ይበቃል።

ኦሞፍሮን ክረምቱን የሚያሳልፈው ጉልምስ ሆኖ ነው፤ በዳርቻው ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይደበቃል። ብርዱ ሲያልፍ ይወጣና ይራባል። እንቁላሉ በአሸዋ ውስጥ ይጣላል፤ ከእንቁላሉ እጭ፣ ከእጩ ሙሽሬ፣ ከሙሽሬው ጉልምስ ይወጣል። እጩም እንደ ወላጆቹ በአሸዋ ውስጥ እየቆፈረ የሚኖር አዳኝ ነው። ይሁን እንጂ እጩ ክንፍ የለውም፤ አደጋ ሲመጣ በርሮ ማምለጥ አይችልም። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ዳርቻው ሳይታወክ መቆየት ያለበት ወቅት ቢኖር እጮቹ በአሸዋው ውስጥ የሚያድጉበት የበጋ ወቅት ነው።

፭. ሙላት ጠላትም ወዳጅም ነው

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የወንዝን ጠባይ በአጭሩ ያስረዳል። ወንዝ ውሃ ብቻ ተሸክሞ አይሄድም፤ ግንዱን፣ ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ ደለሉን ይዞ ይዞራል። ከአንዱ ጥምዝ ይንዳል፤ በሌላው ጥምዝ ያከማቻል።

ለአሸዋ ዳር ጥንዚዛ ሙላት ቤቱን የሚያፈርስ አደጋ ነው። ነገር ግን ሙላት ባይኖር ቤት የሚሠራበት ቦታም አይኖረውም። ሳይታወክ የቆየ አሸዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሣር ይበቅልበታል፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ለጥንዚዛው አይሆንም። ሙላቱ ግን ዕፅዋቱን ጠርጎ አዲስ ባዶ አሸዋ ያነጥፋል። የጥንዚዛው ክንፍ ጥቅም የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌው ዳርቻ ሲጠፋ ተነሥቶ ወደ አዲሱ ይበርራል። እንግዲህ ይህ ፍጡር የሚኖረው በአንድ በተወሰነ ቦታ ነው ከማለት ይልቅ ቦታን በሚያፈርስና በሚሠራ ሂደት ውስጥ ነው ማለት ይቀላል።

፮. ወንዝ ሲታሰር

የላይኛው ራይን ታሪክ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። በባደን መሐንዲስ በዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ ዕቅድ መሠረት በ1817 የተጀመረውና በ1876 የተፈጸመው ሥራ ጥምዞቹን ቆርጦ ወንዙን ቀጥ አደረገው። በባዝልና በቮርምስ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በ81 ኪሎ ሜትር አጠረ። ሥራው ለዘመኑ ታላቅ ነበር፤ በወባና በጎርፍ የሚሠቃዩ መንደሮችም ተጠቅመውበታል። ነገር ግን ያጠረው ወንዝ ፈጠነ፤ የፈጠነው ወንዝ አልጋውን ቆፈረ፤ አልጋው ሲጠልቅ የከርሰ ምድሩ ውሃ አብሮ ወረደ፤ የሙላቱም ማዕበል ወደ ታችኞቹ ከተሞች ቶሎ መድረስ ጀመረ። ደሴቶቹና የአሸዋ ሜዳዎቹም አብዛኞቹ ጠፉ። ከነርሱ ጋር የአሸዋ ዳር ነዋሪዎች ስፍራቸውን አጡ።

ያልታሰረ ወንዝ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚጠቀሰው በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ ከአልፕስ ተነሥቶ ወደ አድሪያቲክ ባሕር የሚፈስሰው ታልያሜንቶ ነው። በመካከለኛው ክፍሉ በብዙ ቅርንጫፎች ተከፋፍሎ በሰፊ የጠጠር ሜዳ ላይ ይሄዳል። በ2005 በዚህ ወንዝ ላይ የወጣ ጥናት የዳርቻው ምድር ጥንዚዛዎች ምግብ ከየት እንደሚመጣ መርምሯል። ውጤቱም ጥንዚዛዎቹ የሚኖሩት በምድር ላይ ቢሆንም ምግባቸው ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃው የሚወጡ ነፍሳት መሆናቸውን አሳየ። ወንዙ ዳርቻውን ይመግባል ማለት ነው። ጥንዚዛዎቹ ደግሞ በተራቸው የወፎችና የሌሎች እንስሳት ምግብ ይሆናሉ። ዳርቻው በግንብ ሲታጠር የሚቋረጠው ይህ በውሃና በምድር መካከል ያለ ንግድ ነው።

በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዳርቻቸው የታጠረና ፍሰታቸው በግድብ የሚታዘዝ የአልፕስ ወንዞችን ከነጻዎቹ ጋር አነጻጽሮ፣ በታዘዙት ዳርቻዎች ላይ የነፍሳቱ ብዛትና ዓይነት መቀነሱን አመልክቷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ አሠራር ነው። የኃይል ፍላጎት ሲጨምር ተርባይኑ ይከፈታል፤ ሲቀንስ ይዘጋል። ከግድቡ በታች ያለው የውሃ ደረጃ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለሚመጣ ሙላት የተዘጋጀ ፍጡር በየቀኑ የሚመጣን ሙላት አይችለውም። እርጥቡና ደረቁ መስመር ቦታውን ሲለዋውጥ ይውላል፤ መተላለፊያው ተሠርቶ ሳያልቅ ይፈርሳል፤ መሸሽ የማይችሉት እጮችም ተጠርገው ይሄዳሉ።

፯. የሰው እጅ የመለሰው

ነገሩ በሙሉ የጥፋት ታሪክ ብቻ አይደለም። ኦሞፍሮን በብሪታንያ የተገኘው በ1969 ነው፤ ቦታውም በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በሳሴክስ አውራጃ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገኘባቸው ብዙዎቹ ስፍራዎች የተፈጥሮ ወንዝ ዳርቻዎች አይደሉም፤ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር የወጣባቸውና ውሃ የቆመባቸው ጉድጓዶች ናቸው። የቁፋሮ ማሽን ሳያስበው ቀስ ብሎ የሚዘቀዝቅ ባዶ እርጥብ አሸዋ ሠርቶ ተገኘ። የማሽኑ መመላለስም ልክ እንደ ሙላት ዕፅዋቱን እየጠረገ ዳርቻውን ባዶ አድርጎ ጠበቀው። እዚህ ላይ የሚያስገርመው ጉድጓዱ ተዘግቶ፣ ዙሪያው ተስተካክሎና ሣር ተተክሎበት «ሲያምር» ጥንዚዛው የሚጠፋ መሆኑ ነው።

በዕቅድ የተደረገውን ለማየት የሙኒክ ከተማ ምሳሌ ይበቃል። በከተማዋ የሚያልፈው የኢዛር ወንዝ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን ቀጥ ባለ ቦይ ውስጥ ታስሮ ነበር። ከ2000 እስከ 2011 በተካሄደው ሥራ 8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ክፍሉ ተሻሻለ። የድንጋይና የኮንክሪት ጠርዞቹ ተነሡ፤ አልጋው ሰፋ፤ የጠጠር ደሴቶችና ቀስ ብለው የሚዘቀዝቁ ዳርቻዎች ተመለሱ። ከተማዋን ከጎርፍ የሚጠብቁት መከላከያዎች ግን አልተተዉም፤ ይልቁንም ተጠናከሩ፤ ወደ ኋላ በተሠራ ከመሬት በታች በተደበቀ ማገጃም ተደገፉ። ወንዙ እስከዚያ ማገጃ ድረስ እንዲጫወት ተፈቀደለት፤ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ ተከለከለ። ለሰፋው አልጋ የተገኘው ትርፍ የማለፊያ ስፋት የጎርፍ መከላከያውን ሥራ አገዘ እንጂ አልተቃወመም።

፰. ለሙያው የሚገኘው ትምህርት

በኢትዮጵያ ወንዞች ዳር የሚኖሩት የምድር ጥንዚዛዎች ሌሎች ዝርያዎች ናቸው። የአሸዋው፣ የውሃውና የተዳፋቱ ሕግ ግን በራይንም በአዋሽም አንድ ነው። ለኮንክሪት የሚውለው አሸዋ ከወንዝ አልጋ ሲዛቅ፣ ከተማ ወደ ወንዝ ዳር ሲጠጋ፣ ግድብ ሲሠራ ጥያቄው በዚሁ መልክ ይነሣል። ከላይ ከተገለጸውም ለሥራ የሚረዱ አራት ነጥቦች ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፤ የዳርቻ መከላከያ ግንብ ሲታቀድ ግንቡ በውሃው ጠርዝ ላይ መቆም አለበትን ወይስ ወደ ኋላ ሊርቅ ይችላል? የሚለው አስቀድሞ መመርመር አለበት። ቦታ በማይገኝበት መካከለ ከተማ ግንቡ በጠርዙ ላይ መቆሙ የማይቀር ይሆናል፤ ቦታ በሚገኝበት ግን ወደ ኋላ የራቀ መከላከያ ለሙላቱም ሰፊ መንገድ ይሰጣል።

ሁለተኛ፤ አሸዋ ሲዛቅ የዳርቻው መስመር በሙሉ በአንድ ጊዜ መነካት የለበትም። በየክፍሉ እየተፈራረቁ መዛቅ ያልተነካው ክፍል ለተነካው የዘር ምንጭ እንዲሆን ያስችላል። ከመጠን ያለፈ መዛቅ አልጋውን አጥልቆ የድልድይ መሠረትን የሚያጋልጥ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለጥንዚዛው የሚደረገው ጥንቃቄ ለምሰሶውም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ የተዛቀበት ጉድጓድ ሲተው ጠርዙ በሙሉ ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ እንዳይቀር ነው። አንዱ ወገን እንኳ ቀስ ብሎ እንዲዘቀዝቅ ቢደረግ ለሰውና ለከብት ደኅንነት ይበጃል፤ ባዶው አሸዋም ነዋሪውን ያገኛል።

አራተኛ፤ ከግድብ የሚለቀቀው ውሃ ሲጨምርና ሲቀንስ ቀስ በቀስ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ይህ በኃይል ማመንጨቱ ሥራ ላይ ወጪ ያስከትላል፤ ወጪው ግን በሂሳብ ውስጥ ገብቶ ሊመዘን የሚገባው እንጂ ከመጀመሪያው የሚሰረዝ አይደለም። በታችኛው ዳርቻ ውሃ ለሚቀዱና ከብት ለሚያጠጡ ሰዎችም ድንገተኛ ሙላት አደጋ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

መሐንዲስ የነፍሳት ተመራማሪ እንዲሆን የሚጠይቀው የለም። ነገር ግን አንድ ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት በውስጡ ማን እንዳለ መጠየቅ የሙያው ግዴታ እንደሆነ ሁሉ፣ አንድ ዳርቻ ከመገንባቱ በፊትም ማን እንዳለበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ ከፕላን ሥራው በፊት ከተነሣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የአንድን መስመር አቀማመጥ በጥቂት ሜትሮች ከማራቅ አያልፍም። ግንቡ ከቆመ በኋላ ከተነሣ ግን የሙኒክ ከተማ እንዳደረገችው የቆመውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ይሆናል።